ጌቶች ቀልደኛን ለምን ይፈራሉ?

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ፣ ጸሐፊው በአንድ የንባብ ወዳጆች የቅዳሜ መሰባሰቢያ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲስማማ ጥቂት ታርሟል።)

ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈገግ ሲሉ አየሁ። የገባው ገብቶታል። ላልገባው ልንገረው። አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን ማለዳ፣ አህዮቿን ፊት ፊቷ እየነዳች ገበያ የምትሄድ ሴትዮ መንገድ ላይ ያገኛሉ። የአለቃ አፍ ደግሞ መች ያስችለዋል! «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት?» ይሏታል። ሴትየዋ እርምጃዋን እንኳ ሳትገታ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ ልጄ!» ብላቸው አለፈች።

ይህችን ጨዋታ ከአያቴ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላስታውስም። ልጅ ሳለሁ የምታስቀኝ «ልጄ» የምትለዋ ቃል ነበረች። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ሌላ ነው። የአገሩ ሁሉ ተረበኛ፣ የቅኔ ሊቅ፣ በመኳንንት ማዕድ የተከበረ ሰው በአንዲት አህያ ነጂ ተረትቶ ሲሄድ የሚያሳይ ጨዋታ ነው እኮ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይዞ የቆየው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አዘጋጆቹ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ርዕሱ «ቀልድ ከመድረክ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት» ይላል። ሰፊ ነው። እኔ ፈቃዳችሁ ከሆነ ጥቂት ላጥብበው። ለመሆኑ ጌቶች ቀልደኛን ለምን ይፈራሉ? ቀጥሎም አንድ ጥያቄ አለ፣ እርሱ ለእኛው ነው። እኛስ የምንስቀው በማን ላይ ነው?

አለቃ ገብረ ሐና ቀልደኝነት ሥራቸው አልነበረም። ፎገራ ናበጋ የተወለዱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው ሽብሸባ ከእርሳቸው የመነጨ ነው፤ ስሙ የልጃቸው የተክሌ ሆኖ ቀረ እንጂ። በስማቸው ከሚነገረው ጨዋታ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የእርሳቸው እንደሆነ ማን ያጣራል? አገሩ የራሱን ነገር በአለቃ አፍ ይናገራል። ብልህነት ነው። ባለቤቱ ሞቷልና የሚታሰር የለም!

የእኛ አገር ቀልድ ዋና መሣሪያው ቃል ነው። ፈረንጅ በሙዝ ልጣጭ አንሸራቶ ይጥልሃል፣ የእኛ ሰው ግን በአንድ ፊደል ነው የሚጥልህ። ቃሉን ጠበቅ ካደረግከው ምስጋና፣ ላላ ካደረግከው ስድብ። ሰሙን ተቀብለህ እጅ ነስተህ ትወጣለህ፤ ወርቁ የገባህ ቤትህ ደርሰህ ጫማህን ስታወልቅ ነው። አዝማሪ በዚህ ነበር የሚኖረው። የጌታውን ገድል በጌታው ፊት እያወደሰ፣ በዚያው ምስጋና ውስጥ የጌታውን ንፉግነት ለታዳሚው ሹክ ይላል። ጌትየው ቢገባውም መቆጣት አይችልም። ከተቆጣ ገባው ማለት ነው፣ ከገባው ደግሞ እውነት ነው ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

አሁን ወደ መድረክ እንግባ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ምን ዓይነት ነበር ቢባል መልሱ ኮሜዲ ነው። ሩሲያ ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚል ጻፉ። መቶ ዓመት አልፎታል። አውሬ ነው የሚናገረው፤ የሚነካው ግን የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት ነበር። መኳንንቱ ደግሞ ሰምና ወርቅ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው፣ ማን ያታልላቸዋል? በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፣ የታተመውም ተሰበሰበ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትርና የኢትዮጵያ ቴአትር እገዳ መንታ ናቸው ማለት ነው። የሚገርመው፣ እኚሁ ሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ሕግ ሲጽፉ እሰየው ተባሉ፣ ቀልድ ሲጽፉ ግን ተከለከሉ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ልንገራችሁ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። በቀጠሉት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰውን ደም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል። ያን ያህል የማይወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወር እንዳለፈ ግራዚያኒ ወደ ሮም ቴሌግራም ይልካል። በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑና ተረት የሚያወሩ ሰዎችን፣ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን እያስያዘ እንዲረሸኑ ማዘዙን ይገልጻል። እስከዚያች ቀን ሰባ የሚሆኑት ተይዘው ተገድለዋል ይላል። ሰባ! ወንጀላቸው ምን ነበር? «የጣልያን ነገር ያበቃለታል» እያሉ ለሕዝብ ማውራት።

እስቲ አስቡት። አውሮፕላን ያለው፣ የመርዝ ጋዝ ያለው፣ ታንክ ያለው መንግሥት ነው። ይህ ሁሉ እያለው የሚያሳድደው ማሲንቆ የተሸከመ ሰው ነው! መትረየስ መትረየስን ይመልስ ይሆናል፤ ሕዝቡ በጓዳው ተሰብስቦ በጌታው ላይ ሲስቅ ግን በምን ይመለሳል? ግራዚያኒ ይህንን የተረዳ ይመስለኛል። እነዚያን ሰባ ሰዎች በስም የሚዘክር አንድ ድንጋይ እንኳ አላየሁም። ያየ ካለ ይንገረኝ።

ከዚህ ላይ ወደ ሲኒማ ልሻገር፤ መንገዱ ከዚሁ ይቀጥላል። ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም። ባርኔጣው፣ ከዘራው፣ ያቺ ቁራጭ ፂም። የቻፕሊንና የሒትለር የልደት ቀን በአራት ቀን ብቻ የሚለያይ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1889 ተወለዱ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፂም ታወቁ። ቻፕሊን ይህንን አጋጣሚ ዝም ብሎ አላሳለፈውም። «ታላቁ አምባገነን» የሚለውን ፊልም ሠራ። ሒትለርን ሂንክል በሚል ስም ራሱ ተጫወተው። በፊልሙ ውስጥ ግን ለእኛ የቀረበ አንድ ሌላ ሰው አለ። ቤንዚኖ ናፓሎኒ ይባላል፣ የሚገዛው አገር ባክቴሪያ! አዎ፣ ሙሶሊኒ ነው። የተጫወተው ጃክ ኦኪ የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ሰውየው የሚመጣው በባቡር ነው። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎለታል። ባቡሩ ግን ከምንጣፉ ትክክል መቆም አቃተው። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ምንጣፍ ተሸካሚዎቹ ከባቡሩ ጋር ወዲህ ወዲያ ይሯሯጣሉ። ቀጥሎ ሂንክል እንግዳው ከታች ሆኖ ቀና ብሎ እንዲያየው አጭር ወንበር ያስቀምጥለታል፤ እርሱ ደግሞ ወንበሩን ትቶ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ጉብ! ከዚያም ሁለቱ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያንዱ ወንበር ከሌላው ዝቅ ማለት የለበትምና አንዱ ወንበሩን ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ከፍ፣ አንዱ ከፍ፣ ሌላውም ከፍ፤ እስከ ኮርኒሱ! ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ስድብ የለም። የሥልጣን ጥማት ምን እንደሚመስል በአንድ ወንበር አሳየን።

ፊልሙ ኒውዮርክ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1940 ነው። በእኛ ጥቅምት 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ምሽት ፈረንጁ በናፓሎኒ ወንበር ሲስቅ፣ የእውነተኛው ሙሶሊኒ ባንዲራ አዲስ አበባ ላይ ይውለበለብ ነበር፤ አርበኛው ጫካ ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በ1933፣ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ገቡ። ጣልያንን ያስወጣው ፊልም ነው እያልኩ አይደለም፤ አርበኛው ነው፣ ከሱዳንና ከኬንያ የገባው ጦር ነው። ግን ያ ፊልም በየአገሩ ምን ገጠመው? ጀርመንና ጣልያን ከለከሉት። ስፔን ውስጥ ፍራንኮ እስኪሞት ድረስ አልታየም። ፍራንኮ በፊልሙ ውስጥ የለም እኮ! ግን ዘመዱን አወቀ።

ስለ ቻፕሊን ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። አንደኛ፣ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ የናዚ ማጎሪያዎችን ትክክለኛ ሰቆቃ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን እንደማይሠራው ተናግሯል። እኔ ለዚህ አባባሉ አከብረዋለሁ። ሁለተኛ፣ ነፃነት አለ በሚባልበት በአሜሪካም አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1952 ወደ ለንደን ሲጓዝ፣ በፖለቲካ ተጠርጥሮ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘበት። ስዊዘርላንድ ገብቶ ኖረ። አሜሪካ ተመልሶ የረገጠው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1972፣ የክብር ኦስካር ሲሰጠው ነው። ካረጀ በኋላ፣ ጥርሱ ካለቀ በኋላ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከነፃነት በኋላ ቴአትሩ አደገ። ሀገር ፍቅር ከወረራው በፊት በ1927 ተመሥርቶ ነበር፤ በ1948 ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ተከፈተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሞሊየርን ኮሜዲ አማርኛ አናገረው። ለእኔ ግን በዚህ መንገድ ትልቁ ሰው መንግሥቱ ለማ ነው። የአለቃ ለማ ልጅ፣ ለንደን የተማረ። አባቶች ሲጫወቱ እየሰማ ያደገና የፈረንጁንም ቴአትር ያወቀ ሰው «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፍ በማን ላይ ሳቀ? በባላገሩ ላይ መሳቅ ይችል ነበር፣ ቀላል ነው። እርሱ ግን በዋናነት የሳቀው በራሱ ቢጤ ላይ ነው። ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ ስለ ሥልጣኔ የሚያወራ፣ ሚስት ማግባት ላይ ሲደርስ ግን ግራ የሚገባው ዘመናይ! የአህያ ነጂዋ ነገር ትዝ አይላችሁም? ተረበኛው ራሱን ነው የሚያስመታው።

በደርግ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም። ሳንሱሩ መድረኩን ያዘ፣ ቀልድ ወደ ጓዳ ገባ። በስኳር ሰልፍ፣ በቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ በለሆሳስ። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፣ ያን ጊዜ የሳቁትን ያህል ከዚያ ወዲህ እንዳልሳቁ የሚምሉ አሉ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራ ሲነሳ የግል ጋዜጣው ካርቱን መጣ። በዚያው ሰሞን አካባቢ ደግሞ የካሴትና የቪዲዮ ቀልድ ነገሠ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ክበበው ገዳ… ስማቸውን ስጠራ እንኳ ፊታችሁ ፈታ አለ! የበዓል ዋዜማ ቴሌቪዥን ከእነርሱ ጋር ነበር። ሰፈር ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ካለው ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥለን ነው ያየናቸው። አለባቸው በኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ መጣ፤ ሲያስቀን የነበረው ሰው የተቸገረ ሰው ታሪክ እያቀረበ አስለቀሰን። በመኪና አደጋ ሲያልፍ ሰፈራችን የገዛ ልጁ የሞተበት ነበር የሚመስለው።

እወዳቸዋለሁ። ስለምወዳቸው ነው ቀጥሎ ያለውን የምናገረው።

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ወንድም ከመንዝ መጣ። ለፋሲካ ነው። ወንድሜ ቪዲዮ ተከራይቶ መጣ፣ የቀልድ ነው። ከቀልዶቹ አንዱ አዲስ አበባ የመጣ ባላገር ነበር። መንገድ መሻገር ያቅተዋል፣ መኪና ሲያጮህበት ይዘላል፣ መብራቱን ሰው መስሎት እጅ ይነሳል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናቴም ሳቀች። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ምን አጠፋ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ቀልድ ነው እኮ ጋሼ» አልኩት። «እሱስ ገባኝ። እኔም ትናንት አውቶቡስ ተራ ስወርድ እንዲሁ ቆሜ ነበር። ስንቱ ስቆብኝ ይሆን?» አለና እንጀራውን ጠቀለለ።

እናቴ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ማንም «ለምን?» አላለም።

ያ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ያን ቀልድ የሠራው ማንም ይሁን ማን፣ ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ቁጠሩልኝ እስቲ፤ ስንቱ ቀልዳችን ነው በባላገር፣ በቤት ሠራተኛ፣ በዘበኛ፣ አማርኛው በሚሰባበርበት ሰው፣ በአካል ጉዳተኛ ላይ የቆመ? አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው የሚናገርበትን ዜማ እየቀዳን ስንት ዓመት ሳቅን? እርሱም አብሮን ይስቅ ነበር፤ አለመሳቅ ያስነቅፋላ! ዛሬ አገሩ በብሔር ተከፋፍሎ የሆነውን ከሆነ በኋላ፣ ያን ሳቅ መለስ ብዬ ስሰማው ሌላ ድምፅ አለው። ቀልዱ ጦርነት አመጣ አልልም፣ ማጋነን ነው። ግን በአንድ ቤት ውስጥ ማን እንደ እንግዳ እንደተቆጠረ ይነግረን ነበር፤ አልሰማነውም።

አሁንማ ባሰ። ካሜራው ሁሉ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ዩቲዩቡ፣ ቲክቶኩ… መንገድ ላይ የደከመች አሮጊት አስደንግጦ መቅረጽ ቀልድ ተብሏል! ሴትዮዋ ልቧን ይዛ ስትንቀጠቀጥ ከታች የሳቅ ምልክት ይደረደራል። አንድ ቀልደኛ ወዳጄን ስለዚህ አንስቼ ተከራከርኩት። «ወንድሜ፣ ባላገሩ አይከሰኝም። ባለሥልጣኑ ይጠራኛል። ልጆች አሉኝ» አለኝ። ምን መልስ አለኝ? እኔም እኮ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ሁለት ስም አውጥቻለሁ። ዋሽቼ ጀግና ልምሰላችሁ?

የደፈሩም አሉ። ግሩም ዘነበ በረከት በላይነህ በጻፈው «ፌስታሌን» ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ እያዩ ፈንገስ የሚባለውን እብድ ሲጫወት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ለምን እብድ ሆነ? ጥንት አባቶች «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» ያሉት ለዚህ ነው። ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ተደበቁ፣ የእኛ ዘመን ሰው ደግሞ ከእብድ ፌስታል ኋላ። ከ2010 ለውጥ በኋላ በፋና ቴሌቪዥን «ምን ልታዘዝ» የሚል ድራማ በኃይሉ ዋሴ ጽፎ ነበር። አንዲት ካፌ ናት፤ ግን ተመልካቹ ሁሉ ካፌዋ አገር መሆኗን ያውቃል። ሰው ሥራ ጥሎ ይጠብቀው ነበር። እርሱም ብዙ ሳይቆይ ቆመ። መንግሥት ቢቀያየርም የቀልደኛው መደበቂያ አልቀረም፤ አውሬ፣ እብድ፣ ካፌ። ቀጣዩ ምን ይሆን?

የአህያ ነጂዋን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የጥንቱ ጨዋታችን ሊቁን በባለ አህያዋ ያስመታል። የእኛ ዘመን ቀልድ ባለ አህያዋን በሊቁ ያስመታል። ልዩነቱ ይኼው ነው፣ እኔ ሌላ ጥበብ የለኝም።

አንድ ነገር ተናግሬ ልውረድ፣ ሰዓቴም አልቋል፣ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው። ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመፍረሷ በፊት አልፎ አልፎ የምሄድባት አንዲት አዝማሪ ቤት ነበረች። ከሃያ ሰው በላይ አትይዝም። አዝማሪው ጋዜጠኛ መሆኔን ያውቃል። በገባሁ ቁጥር ማሲንቆውን ወደ እኔ አዙሮ ያበጥረኛል። የመጨረሻው ምሽት ላይ፣ የእኔ ጽሑፍ ለኦቾሎኒ መጠቅለያ እንዴት እንደሚመች፣ ጫማዬም እንደ ጋዜጣዬ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚጠረግ ዘፈነ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም የነበረችኝን ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። በሌላ ጊዜ ስሄድ ቤቷም፣ መንገዱም የሉም። ስልኩን ስደውል አይሠራም። ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። የት እንደገባ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ከሻይ በኋላ ንገሩኝ።